ዶክተር ሃውና የአንዲት ልጅ ዕቅድ

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ አራታችን አንድ ትምህርት ቤት ተመድበን ሳለ የመምህራን ስብሰባ ተጠርቶ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ነበር። አጀንዳው ረጅም ነው፤ የጠመኔ እጥረት፣ የወደቀው አጥር፣ የሚያረፍዱ ልጆች፣ የሳምንቱ ተረኛ መምህር። ሰው ሁሉ ማስታወሻውን አጥፎ ሊነሣ ሲል አንድ ነገር ተጨመረ። አንዲት እናት የስምንት ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጥተዋል፤ ልጁ ዓይነ ሥውር ነው፤ ምን ይደረግ? አንደኛው መምህር ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ የተለየ ትምህርት ቤት ሌላ ቦታ አለ አሉ። አንዲት መምህርት ከፊት ተቀምጦ ቢያዳምጥ ምን ይጎዳል አሉ። ሦስተኛው ሰዓታቸውን አዩ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ ተባለና ተበተንን። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ስንወጣ እናቲቱ ልጃቸውን አስጠግተው ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ይግቡና ይናገሩ ያላቸው ሰው አልነበረም። እኛም አላልናቸውም።

ወደ ማሠልጠኛችን ከተመለስን በኋላ ነገሩ ሲከነክነን ሰነበተ። አንድ ልጅ ከሌሎቹ የተለየ መንገድ ሲያስፈልገው ትምህርት ቤቱ ተሰብስቦ የሚመክረው እንዴት ነው? ማን ይጠራል? ማን ይናገራል? ይህን ስንጠያየቅ ነው ከሳሙኤል ግሪድሊ ሃው ታሪክ ጋር የተገናኘነው። ሰውየው ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ አገሩም አሜሪካ ነው። ሆኖም በርዕሰ መምህርነቱ የሠራውም ሆነ የተሳሳተው ነገር ለእኛ ለእጩ መምህራን የቅርብ ነገር ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ ታሪኩን አጠናቅረን እነሆ ለአንባብያን አቅርበናል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሃው የተወለደው ኅዳር 10 ቀን 1801 በቦስተን ከተማ ነው። አባቱ የመርከብ ገመድ የሚያሠሩ ነጋዴ ነበሩ። (ይህን ገመድ አንባቢ ያስታውስልን፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።) በብራውን ዩኒቨርስቲ ሲማር ከትምህርቱ ይልቅ በተንኮሉ ይታወቅ ነበር፤ የዩኒቨርስቲውን ፕሬዚዳንት ፈረስ ደረጃ አስወጥቶ ፎቅ ላይ አስሮታል እየተባለ ይወራበታል። ያም ሆኖ በ1821 ተመረቀና ወደ ሐርቫርድ ሄዶ ሕክምና ተማረ። በ1824 ሐኪም እንደሆነ ክሊኒክ ከፍቶ መቀመጥ አላሰኘውም። ግሪኮች ከቱርክ አገዛዝ ነፃ ለመውጣት ይዋጉ ስለነበር ወደዚያ ተሻገረ። እዚያም ቁስለኛ አከመ፣ ጠመንጃ ተሸከመ፣ ከአሜሪካ እህልና ልብስ ለምኖ አምጥቶ ለተፈናቃዮች አከፋፈለ። አንድ ነገር ግን ልብ ብለንበታል። እህሉን ዝም ብሎ አላደለም። በኤጊና ደሴት የወደብ ግንብ እያሠራ ለሥራቸው ደመወዝ አድርጎ ይሰጣቸው ነበር። ምጽዋት ሰውን ያሳንሳል የሚለው እምነቱ ኋላም ከትምህርት ቤቱ በር አልወጣም።

በ1829 የማሳቹሴትስ ምክር ቤት በቦስተን የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ፈቀደ። ሐሳቡን ያመነጩት በፓሪስ የነበረውን እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ያዩት ዶክተር ጆን ፊሸር ናቸው። ወረቀቱ አለ፤ ትምህርት ቤቱ ግን የለም፤ ተማሪም አስተማሪም የለም። በ1831 ሥራው ለሃው ተሰጠውና የአውሮፓን ትምህርት ቤቶች አይቶ እንዲመጣ ተላከ። ፈረንሳይንም ስኮትላንድንም አየ። ያየውን ሁሉ ግን አልወደደውም፤ ልጆቹ እንግዳ የሚያስደንቅ ነገር እንጂ እንጀራ የሚበሉበትን ብዙ አይማሩም ብሎ ተቸ። መንገዱም ቀና አልነበረም። ለፖላንድ ስደተኞች የተዋጣ ገንዘብ ይዞ ፕሩሲያ ሲገባ በርሊን ላይ ተይዞ አምስት ሳምንት ያህል ታሰረ። የተላከው ለትምህርት ቤት ጉዳይ ነው እኮ! ደግነቱ የአሜሪካ መልእክተኛ ደርሶለት ተፈታ።

በ1832 ክረምት ሁለት ዓይነ ሥውራን መምህራንን፣ አንዱን ከፓሪስ አንዱን ከኤዲንብራ፣ ይዞ ተመለሰና በአባቱ ቤት ስድስት ልጆችን ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ ልጆች ሁለቱ አንዶቨር በምትባል መንደር መንገድ ዳር እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመው ያገኛቸው እኅትማማቾች ናቸው። ልጆቹን ከማስተማሩ በፊት ዓይኑን በጨርቅ እያሰረ በቤቱ ውስጥ ይመላለስ ነበር፤ የሚያስተምረው ልጅ ዓለም ምን እንደሚመስል በገዛ እግሩና በገዛ ጣቱ ለማወቅ። መጽሐፍ አልነበረም፤ ካርታም አልነበረም። ስለዚህ የገመድ ሠሪው ልጅ ሲባጎ እያጣበቀ በካርቶን ላይ ፊደል ሠራ፤ ወንዙንም ተራራውንም በሲባጎ ሠራ። የማስተማሪያ መሣሪያ ከአካባቢ ቁሳቁስ ስለማዘጋጀት በክፍል ውስጥ የምንማረውን ሲያዛጋን የነበርን ሰዎች እዚህ ላይ ትንሽ አፍረናል።

ገንዘቡ ወራት ሳይቆይ አለቀ። ያን ጊዜ ልጆቹን ይዞ ምክር ቤት ገባና በእንደራሴዎቹ ፊት አስነበባቸው፣ አሳሰባቸው፣ አዘመራቸው። ምክር ቤቱም በዓመት 6,000 ዶላር ፈቀደ። የከተማይቱ ሀብታም ነጋዴ ቶማስ ፐርኪንስ ሌላው ሕዝብ 50,000 ዶላር ካዋጣ ቤታቸውን እንደሚሰጡ ተናገሩ፤ ገንዘቡ በአንድ ወር ያህል ጊዜ ተሰበሰበ። ትምህርት ቤቱ እስከ ዛሬ ድረስ የሚጠራው በእኚሁ ሰው ስም ነው። በ1839 ሆቴል ወደነበረ ሰፊ ሕንጻ ተዛወረ። ልጆቹ ያለ መሪ ይራመዳሉ፣ በባሕር ይታጠባሉ፣ ፍራሽ ይሠራሉ፣ ሙዚቃ ይማራሉ። ወይኔ እያሉ የሚያዝኑላቸውን እንግዶች ሃው አጥብቆ ይጠላ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በ1837 በጋ በኒው ሃምፕሽር ክፍለ ሀገር፣ ሃኖቨር በምትባል የገጠር ቀበሌ አንዲት የገበሬ ልጅ እንዳለች ሃው ሰማ። ስሟ ላውራ ብሪጅማን ነው። ሁለት ዓመቷ ላይ በቤቱ የገባው የቀይ ትኩሳት በሽታ እኅቶቿን ሲገድል እሷን ዓይኗንም ጆሮዋንም ነሣት። ማሽተቷና መቅመሷ እንኳ ደከመ። የቀራት መዳሰስ ብቻ ነው። በዚያን ዘመን ማየትም መስማትም የማይችል ሰው ቋንቋ ሊማር ይችላል ብሎ የሚያምን እምብዛም አልነበረም። ሃው ግን ሄዶ አያትና ወላጆቿን ለምኖ በጥቅምት ወር ወደ ቦስተን አመጣት። ስምንት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር።

ላውራ ስትመጣ ባዶ እጇን አልነበረም የመጣችው። በቤቷ የምትግባባበት የራሷ ምልክት ነበራት፤ ዳቦ ስትፈልግ የዳቦ አቆራረጥ፣ ውኃ ስትፈልግ የመጠጣት ዓይነት። ከእናቷ ጋር ሹራብ መሥራትና ቤት ማሰናዳት ለምዳለች። አሳ ቴኒ የሚባል፣ ሰፈርተኛው ሞኝ ነው የሚለው ሽማግሌ ጎረቤት ደግሞ እጇን ይዞ በመስክ ያዞራት ነበር፤ ወንዝ ዳር እየወሰደ ድንጋይ መወርወር አስተምሯታል። ይህ ሰው ያስተማራትን ማንም ርዕሰ መምህር አላስተማራትም፤ የሚያውቃትም ከእናቷ ቀጥሎ እሱ ነበር። ስለ ላውራ ስብሰባ ቢደረግ ኖሮ አሳ ቴኒ መጠራት ነበረበት እንላለን።

እኛም ከዚያ የአምስት ደቂቃ ስብሰባ በኋላ በሳምንቱ እናቲቱን መንገድ ላይ አግኝተናቸው ስለ ልጃቸው ጠይቀናቸው ነበር። ላሞቹን በቃጭላቸው ድምፅ ይለያል አሉን። በጎች ወደ በረት ሲገቡ በሩ ላይ ቆሞ ጀርባቸውን እየዳሰሰ ይቆጥራል፤ አንዲት ከጎደለች ይናገራል። ይኼ ማለት እኮ እስከ ሃያ መቁጠር ብቻ ሳይሆን መቀነስም ያውቃል ማለት ነው! በዚያ ቢሮ ውስጥ ከነበርነው ሰዎች አንድም ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

ወደ ላውራ እንመለስ። ሃው ከመጀመሩ በፊት ሁለት መንገድ ከፊቱ አስቀመጠ። አንደኛው እሷው ያመጣችውን ምልክት እያሰፉ መሄድ ነው፤ ይኼ ይቀላል፤ ቶሎም ውጤት ይታይበታል። ሁለተኛው ፊደልን አስተምሮ በፊደል ማንኛውንም ነገር መናገር እንድትችል ማድረግ ነው፤ ይኼ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ግን መጨረሻው ሩቅ ነው። ሁለተኛውን መረጠና ምክንያቱን ጽፎ አስቀመጠ። ዕቅድ ማለት ይህ መሰለን። መጀመሪያ የት ልናደርሰው እንፈልጋለን የሚለው ይጠየቃል፤ ነገ ጠዋት ምን እናድርግ የሚለው ከዚያ ይከተላል።

ሥራው የተጀመረው በቁልፍ፣ በማንኪያ፣ በቢላዋ፣ በወንበር፣ በመጽሐፍ ነው። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ስሙ ጎላ ብሎ በሚዳሰስ ፊደል የተጻፈበት ወረቀት ተለጠፈ። ላውራ ዕቃውን ትዳስሳለች፤ ጽሑፉን ትዳስሳለች። ቀጥሎ ወረቀቱ ብቻውን ይሰጣትና ከዕቃው ላይ ታስቀምጠዋለች። ልክ ስትሆን ራሷን ይዳብሷታል። ከዚያ ፊደሎቹ ተቆራርጠው ለየብቻ ተሰጧት፤ ተደባለቁ፤ እሷም መልሳ ደረደረቻቸው። ሳምንታት እንዲሁ አለፉ። ሃው ራሱ እንዳመነው እስከዚያ ድረስ የምትሠራው ነገር የሠለጠነ ውሻ ከሚሠራው ብዙም አይርቅም ነበር፤ ትቀዳለች እንጂ አልገባትም። አንድ ቀን ግን ፊቷ በራ። ይህ የፊደል ድርድር በልቧ ያለውን ነገር ለሌላ ሰው የምታደርስበት ምልክት መሆኑ ገባት። ከዚያ በኋላ ሃው የሚፈልገው ትዕግሥትና ጊዜ ብቻ ነበር። ፊደል የተቀረጸባቸው ብረቶችና ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ተሠሩላት፤ ቀጥሎም በጣት የሚነገረውን ፊደል ተማረች። የዕለት ተዕለቱን ድካም የተሸከመችው ግን ሊዲያ ድሩ የምትባል መምህርት መሆኗን መርሳት አይገባም። ታላላቅ ሰዎች ሲወሱ የክፍል መምህሩ ስም የሚጠፋው ለምን ይሆን?

ስድስት ወር ያህል ቆይቶ እናቷ ሊጠይቋት መጡ። ላውራ ስትጫወት ተጋጨቻቸው፤ እጃቸውንና ቀሚሳቸውን ዳሰሰች፤ እንግዳ ናቸው ብላ ጥላቸው ሄደች። እናቲቱ ቆመው ቀሩ። ከቤት ያመጡትን የጨሌ ክር ሲሰጧት አወቀችውና ደስ ብሏት አንገቷ ላይ አጠለቀችው፤ ከቤቴ የመጣ ነው ብላም ለዶክተሩ በምልክት ነገረችው። እናቲቱ ሊያቅፏት ሲሞክሩ ግን አሁንም ሸሸች። ሌላ የቤት ዕቃ ሲሰጧት ቆም አለች። እንደገና እጃቸውን ዳሰሰች፤ ፊቷ ነጣ፤ ከዚያ ከደረታቸው ላይ ተጣበቀች፤ ጨሌውም መጫወቻውም ተረሳ። ይህን ያነበብነው ማታ በመኝታ አዳራሻችን ጮክ ተብሎ ሲነበብ ነው፤ አንብቦ የጨረሰው ጓደኛችን መብራቱን ቶሎ አጠፋው።

መምህራኑ ስለ ላውራ በየቀኑ ማስታወሻ ይይዙ ነበር። ዛሬ የትኛውን ቃል ተማረች፣ የቱ ጋ ተሳሳተች፣ ምን ጠየቀች፣ ለምን ተቆጣች። ሃው ከእነዚህ ማስታወሻዎች እየቀዳ በየዓመቱ ለትምህርት ቤቱ ቦርድ ሪፖርት ያቀርባል። ሪፖርቱ በአሜሪካም በአውሮፓም ተነበበ። በጥር 1842 ታላቁ እንግሊዛዊ ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ ትምህርት ቤቱን ጎብኝቶ ስለ ላውራ በመጽሐፉ ጻፈ። ላውራ በዓለም ታወቀች፤ በጉብኝት ቀን ሰው እየተጋፋ ያያት ጀመር። እንግዶች ሲያለቅሱባቸው የሚቆጣው ሃው እዚህ ላይ ምነው ዝም አለ ብለን ጠይቀናል።

አሁን ወደ መራራው ክፍል ደረስን። ሃው ስለ ላውራ አንድ የጸና ዕቅድ ነበረው፤ አእምሮዋ እስኪበስል ድረስ የሃይማኖት ትምህርት በማንም እንዳይሰጣት፤ እግዚአብሔርን ከፍጥረቱ ተነሥታ ራሷ ትፈልገው የሚል። ይህን በመምህራኑ ላይ ደነገገ፤ አላወያያቸውም። በ1843 ጁልያ ዋርድን አገባና ለጫጉላው ወደ አውሮፓ ተሻግሮ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። ከመጋባቱ በፊት ላውራ በእሱ ቤት ከእሱና ከእኅቱ ጋር ነበር የምትኖረው፤ እንደ አባቷ ነው የምታየው። አሁን ቀረች። ስለ ሞት፣ ስለ እግዚአብሔር ትጠይቃለች፤ ለሃውም ደብዳቤ ጻፈችለት። እሱም ገና ልጅ ነሽ፣ ጊዜው ሲደርስ ይሆናል በሚል ዓይነት መለሰላት።

ከላውራ ጋር ቀኑን ሙሉ የምትውለው መምህርት ሜሪ ስዊፍት ነበረች። ይህች ልጅ ለእኛ ዘመድ ናት። በ1839 በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ በመንግሥት ወጪ የመምህራን ማሠልጠኛ ሌክሲንግተን ላይ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዷ ነበረች፤ ማሠልጠኛውም በሃው ወዳጅ በሆራስ ማን ጥረት የቆመ ነው። ፐርኪንስ ስትቀጠር ዕድሜዋ ከእኛ አይበልጥም ነበር። እንግዲህ ሃያ ዓመት ያልሞላት ወይም ገና የሞላት መምህርት ናት፤ ልጅቷ ስለ ሞት በጣቷ እየጠየቀቻት ነው፤ አለቃዋ ከባሕር ማዶ ነው፤ ትእዛዙም ዝም በዪ ነው። ምን ታድርግ? ላውራ ከእሷም ከእንግዶችም የሃይማኖት ትምህርት አገኘች።

ሃው ተመልሶ ይህን ሲሰማ እጅግ ተናደደ። በሪፖርቱም ዕቅዴን አበላሹብኝ ብሎ ጥፋቱን በሌሎች ላይ ጣለ። ከዚያ ወዲያ ለላውራ የነበረው ፍቅር ቀዘቀዘ። ሜሪ ስዊፍት በ1845 ትምህርት ቤቱን ለቅቃ አገባች። እዚህ ላይ ተከራክረናል። ከመካከላችን አንዱ ርዕሰ መምህር ያወጣውን ዕቅድ መምህር የሚያፈርስ ከሆነ ትምህርት ቤት ምን ይሆናል አለ። ሌሎቻችን ደግሞ ዕቅዱ የወጣው መምህርቷ በሌለችበት፣ ወላጆቿ በሌሉበት፣ ላውራም ራሷ በሌለችበት ነው፤ ስለዚህ ሊጸና አይችልም አልን። ሦስት ለአንድ ነበር፤ አንዱም እስከ ዛሬ አልተረታም።

ሃው ግን ሥራ የማያልቅበት ሰው ነው። በ1846 የማሳቹሴትስ ምክር ቤት የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ሁኔታ እንዲያጠና ሾመው። በዚያን ዘመን እነዚህ ሰዎች የሚጠሩበትን ስም እዚህ አንጽፈውም። ኮሚሽኑ 63 ከተሞችንና መንደሮችን ዞሮ 574 ሰዎችን አየ። ብዙዎቹ በድሆች መጦሪያና በጓሮ ተጥለው ተገኙ። ሃው በ1848 ባቀረበው ሪፖርት መማር ይችላሉ ብሎ ተከራከረ። ብዙ ሰው ሳቀበት። ምክር ቤቱ ግን ለሦስት ዓመት በየዓመቱ 2,500 ዶላር ፈቀደና በዚያው ዓመት አሥር ልጆች በፐርኪንስ አንድ ክንፍ ውስጥ መማር ጀመሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ የሳቁት ሰዎች ዝም አሉ፤ ትምህርት ቤቱም ቋሚ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ በጎ ሥራ ጋር ግን በዚያው ሪፖርት ውስጥ አንድ ክፉ ነገር አለ። ሃው የልጆቹ ጉዳት የመጣው ወላጆቹ በመጠጥና የተፈጥሮን ሕግ በመጣስ በሠሩት ኃጢአት ነው ብሎ ጻፈ። ሐኪም ነው፤ የተማረ ነው፤ ግን ይህን ጻፈ። ዛሬ ውሸት መሆኑ ይታወቃል። በእኛም አገር ልጁ ሲጎዳ እርግማን ነው፣ የእናቱ ጥፋት ነው ማለት የተለመደ ነው። እናትና አባት ተከሳሽ ሆነው የሚቀርቡበት ስብሰባ ላይ ስለ ልጃቸው እውነቱን ይናገራሉ? ልጁን ከቤት ይደብቁታል እንጂ። ከዚህ ሌላ ሃው የራስ ቅልን ቅርጽ ዳስሶ የሰውን ጠባይና ችሎታ ማወቅ ይቻላል በሚለው በዘመኑ በታመነበት ባዶ ትምህርትም ያምን ነበር።

ስሕተቱ በዚህ አላበቃም። የዓይነ ሥውራን መጽሐፍ ሲያሳትም የተለመደውን የላቲን ፊደል ጎላ አድርጎ ነበር የሚያሳትመው፤ የሚያዩ ሰዎችም እንዲያነቡት፣ ልጆቹ ከሌላው ሰው እንዳይለዩ ብሎ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ፈረንሳዊው ዓይነ ሥውር ሉዊ ብሬል በ1829 ያሳተመው የነጥብ ጽሕፈት ለጣት ይቀላል፤ በእጅም ይጻፋል። ሃው ይህን አልተቀበለም። የሚያነቡትን ልጆች ጣት መጠየቅ ሲገባ የሚያዩ ሰዎችን ዓይን ጠየቀ። መስማት የተሳናቸው ልጆችም በምልክት ቋንቋ ሳይሆን በንግግር ብቻ ይማሩ ብሎ ተሟግቷል። በቤቱም አስቸጋሪ ነበር፤ ገጣሚ የነበረችው ባለቤቱ ጁልያ በአደባባይ እንድትታይ አይፈልግም ነበር። በባርነት ላይ በተደረገው ትግል ግን ከጆን ብራውን ምሥጢራዊ ደጋፊዎች አንዱ ነበር፤ በ1859 ጉዳዩ ሲገለጥ ወደ ካናዳ ሸሽቶ ሰነበተ። ይህ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ እናልፈዋለን።

እኛን ከሁሉ ያስገረመን በ1866 ያደረገው ነገር ነው። በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር፣ ባታቪያ ከተማ፣ አዲስ የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ንግግር እንዲያደርግ ተጋበዘ። እንግዲህ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ምን እንደሚነገር ሁላችንም እናውቃለን። ሃው ግን ተነሥቶ እንዲህ ያሉ ትላልቅ ተቋሞች እንዳይበዙ አስጠነቀቀ። ጉዳት ያለባቸውን ልጆች በአንድ ጣራ ሥር ማከማቸት ይጎዳቸዋል፤ በተቻለ መጠን ከቤተሰባቸው ጋር ይኑሩ፤ ከሌሎች ልጆች ጋር በተራው ትምህርት ቤት ይማሩ ብሎ ተናገረ። ሠላሳ አራት ዓመት እንዲህ ያለ ተቋም የመራ ሰው ነው ይህን የሚለው። የራሱንም አልማረም፤ በ1870 የፐርኪንስን ሴት ተማሪዎች ከትልቁ ሕንጻ አውጥቶ ከመምህራኖቻቸው ጋር እንደ ቤተሰብ በሚኖሩባቸው ትንንሽ ቤቶች አደረጋቸው።

ሳሙኤል ሃው ጥር 9 ቀን 1876 ሞተ። በምትኩ አማቹ ሚካኤል አናግኖስ ርዕሰ መምህር ሆነ። ሃው ከሞተ መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በኅዳር 1975 መጨረሻ፣ በአሜሪካ አንድ ሕግ ተፈረመ። በዚህ ሕግ መሠረት ጉዳት ያለበት እያንዳንዱ ልጅ የራሱ የሆነ በጽሑፍ የተዘጋጀ የትምህርት ዕቅድ ሊኖረው ይገባል፤ ዕቅዱም የሚወጣው ወላጅ፣ መምህርና የትምህርት ቤቱ ተወካይ፣ እንደ ሁኔታው ልጁም ራሱ በተገኙበት ስብሰባ ነው። አሳ ቴኒና ሜሪ ስዊፍት ወንበር ያገኙት በመቶ ዓመቱ ነው ማለት ነው። የእኛ ልምምድ ቀጣዩ ስብሰባ ሳይደረግ አለቀ። ለርዕሰ መምህሩ ስለ በጎቹ ቆጠራ በወረቀት ጽፈን ሰጥተናል፤ ልጁ ይመዝገብ አይመዝገብ ግን እስካሁን አልሰማንም።

ላውራ ምን ሆነች ለምትሉ፣ ትምህርቷ በ1850 አበቃና ወደ ሃኖቨር ወደ ቤተሰቧ ተመለሰች። እዚያ ግን በጣቷ የሚያነጋግራት ሰው ስላልነበረ ታመመች፤ መነመነች። ለማደሪያዋ ገንዘብ ተሰብስቦላት ወደ ፐርኪንስ ተመለሰችና ዳንቴል እየሠራች፣ እየሰፋች እስከ 1889 ኖረች። ሜሪ ስዊፍት በ1878፣ ሃው ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እነዚያን የየዕለት ማስታወሻዎች መሠረት አድርጋ የላውራን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተመች።

በ1880 አኒ ሱሊቫን የምትባል ዓይኗ የደከመ የድሃ ልጅ ከድሆች መጦሪያ ወጥታ ፐርኪንስ ገባች፤ በጣት መነጋገርንም ከላውራ ጋር ተለማመደች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአላባማ የምትኖር አንዲት እናት፣ ማየትም መስማትም የማትችል ልጅ ያላቸው፣ ዲከንስ ስለ ላውራ የጻፈውን አነበቡ፤ ነገሩም እየዞረ አናግኖስ ዘንድ ደረሰ። አናግኖስም አኒን መረጣት። አኒ ከመሄዷ በፊት ሃው የጻፋቸውን ሪፖርቶች ተቀምጣ አጠናች። መጋቢት 3 ቀን 1887 ወደ ሄለን ከለር ቤት ስትደርስ በሻንጣዋ ውስጥ የፐርኪንስ ልጆች የላኩት አሻንጉሊት ነበር። ልብሱን የሰፋችው ላውራ ናት።